የሶዶ ሰፈሮችና የስማቸው ነገር

በቅኔ ቤት ሰሙ ከወርቁ ተለይቶ እንዲፈታ፥ በከተማም ዘንድ የሰፈር ስም ሰሙ ነው፤ ስሙ የወጣበት ነገር ወርቁ ነው። ስለዚህ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠችውን የወላይታ ሶዶን ታሪክ ማወቅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሰፈሮችዋን ይመርምር።

ከሶዶ በፊት የመንግሥቱ መቀመጫ ዳልቦ ነበረ። የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ ነግሦ ሳለ፥ ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓመተ ምሕረት በብዙ ጦር ዘመቱበት። ሕዝቡም ስለ አገሩ ጽኑ ውጊያ ተዋጋ፤ እጅግ ብዙ ሰው አለቀ፥ ከብቱም ተነዳ። ካዎ ጦናም ቈስሎ ተማረከና ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ በዚያም ክርስትና ተነሣ። ከዚህም በኋላ ሶዶ የአገረ ገዢዎች መቀመጫ ሆነች፤ ወታደሩ፥ ነጋዴው፥ ካህኑም ከሰሜን መጥተው ሰፈሩባት።

አራዳና መርካቶ የሚባሉት ስሞች አስቀድሞ በአዲስ አበባ የታወቁ ናቸው። አራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው የትልቁ ገበያ ስም ነበረ፤ መርካቶም በኢጣልያ ቋንቋ ገበያ ማለት ነውና የጠላትን ወረራ ዘመን ያሳስባል። ኦቶና በ1920 ዓመተ ምሕረት ገደማ ሚሲዮናውያን የገቡበትና ሐኪም ቤት ያቆሙበት ስፍራ ነው። ዋዱ ደግሞ በ1962 ገደማ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት በእንግሊዝኛ የተጠራበት አጭር ስም ነው፤ ድርጅቱ አለፈ፥ ስሙ ግን ለሰፈሩ ቀረ።

አንዳንዱ ሰው ክርስትና ወደ ወላይታ ከምኒልክ ጦር ጋር ብቻ የመጣ ይመስለዋል። ገድለ ተክለ ሃይማኖት ግን ጻድቁ በዳሞት ንጉሥ በሞተሎሚ ዘመን እንደ ሰበኩ ይናገራል፤ የወላይታም ሽማግሎች ሞተሎሚን ከጥንት ነገሥታታቸው ይቈጥሩታል። ነገር ግን ይህ ትውፊት ክብር ይሁን እንጂ የ1887ን ደም መሸፈኛ መጋረጃ ሊሆን አይገባም። ቤተ ክርስቲያን እውነትን ብትሸሽግ ለማን ትመሰክራለች?

ሶዶ በ2015 ዓመተ ምሕረት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለችና ዛሬም እንግዳ ይጐርፍባታል፤ አዲስ ሰፈርም ይወለዳል። ኢዮቤልዩ የሚከበርለት የዚህ ደብር ደወል የዘመተውንም የተዘመተበትንም ልጅ ወደ አንድ መቅደስ ይጠራል፤ ሁለቱም ከአንድ ጽዋ ይቀበላሉ። እንግዲህ በዚህ በዓል በዚያ ዘመን የወደቁት የሁለቱም ወገን ሙታን በጸሎት ይታሰቡ፤ የአራዳ ልጅም የዳልቦን ስም ይማር።

ለነርሱ ዕረፍትን፥ ለከተማይቱ ሰላምን እግዚአብሔር ይስጥ፤ አሜን።