ድሬ ስንት ሰዓት ነው?

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ፤ የአንድ መንገድን ታሪክ ላውጋችሁ።

ዘመኑ 1883 ዓ.ም. ነው። ሐረር ከተማ አርቱር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ታመመ። በልጅነቱ ገጣሚ ነበር፤ ግጥሙን ትቶ ቡናና ቆዳ ሲነግድ ቀኝ ጉልበቱ አበጠና መቆም አቃተው። ድሬ ዳዋ የሚባል ከተማ ገና የለም። መርከብ የሚገኘው ዘይላ ነው። ቃሬዛ አሠራ፣ 16 ተሸካሚ ቀጠረ፣ በዝናብ እየበሰበሰ በረሃውን ወረደ። 300 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ የጨረሰው በ12 ቀን ግድም ነው። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ ከዚያ ግማሽ ዓመት እንኳ አልቆየም፣ ሞተ።

ይህ በሆነ 12 ዓመት ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም.፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ነገር ግን ዳገቱ ለባቡር የሚቻል አልሆነም። እናም ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት፤ ያ ነው ድሬ ዳዋ።

ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከሰረና ሐዲዱ ድሬ ላይ ዓመታት ቆመ። ያኔ ወደ ሸዋ የሚሄድ ዕቃ ሁሉ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው እዚሁ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከገባም በኋላ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና ከጅቡቲ የመጣ ሰው አንድ ሌሊት ድሬ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ልብ በሉ፤ የከዚራን ሰፈር ያሳመረው፣ ሆቴሉን የከፈተው፣ የመጋላን ሰፈር በገበያ የሞላው ይህ ማደር ነው። ድሬ የመንገዱ ርዝመት የወለዳት ከተማ ናት።

በነሐሴ 1921 ዓ.ም. «ንስረ ተፈሪ» የተባለው የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ አረፈ። ሰማዩም መንገድ ሆነ።

ዛሬ በመኪና ከአዲስ አበባ ድሬ 515 ኪሎ ሜትር ነው። በአየር ግን ቀጥታው 340 ገደማ ቢሆን ነው፤ በረራው አንድ ሰዓት አይሞላም። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ የድሬው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ አየር ማረፊያ የዚያ ግማሽ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከፍታውን ከመያዙ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል፤ በሩ ሲከፈት የድሬ ሙቀት ፊት ለፊት ይቀበላችኋል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ እስከ ጅቡቲ የሚደርስ የኤሌክትሪክ ባቡር በመደበኛነት ይሠራል።

እኔ መንገዱ በማጠሩ ደስተኛ ነኝ። ለታመመ ሰው አንድ ሰዓት እና 12 ቀን የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የድሮውን የባቡር መንገድ በሥራቸው ያቆዩት ሰዎች እያለቁ ነው። ሐዲድ የጠገኑ፣ ባቡር የነዱ፣ አፍደም፣ ኤረርና ሁርሶ ጣቢያ ላይ ደወል የደወሉ አዛውንት አብዛኛው ትዝታቸው አልተጻፈም።

የድሬ ልጆች ሆይ፣ አባቶቻችሁና አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ስልካችሁን አውጡና ድምፃቸውን ቅረጹ። ባቡሩ የት የት ይቆም እንደነበር፣ ጎርፍ ሐዲድ ሲወስድ እንዴት ይጠገን እንደነበር፣ ከአዋሽ ድሬ ስንት ሰዓት ይፈጅ እንደነበር ጠይቋቸው። ዛሬውኑ ጠይቋቸው።