የአቤል ክስና የሙታን ትንሣኤ

በክርስቲያን ቀብር ላይ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ነፍስ ነው። ነፍስ ወደ ፈጣሪዋ ሄደች፣ ከድካሟ አረፈች፤ ሥጋ ግን ከአፈር ተገኝቷልና ወደ አፈር ተመለሰ ይባላል። ይህ አነጋገር ሐሰት የለበትም፤ ነገር ግን እዚያ ላይ ካቆመ የክርስትናን ተስፋ ከግማሽ በታች ያደርገዋል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አምስቱን አዕማደ ምሥጢር ስታስተምር የመጨረሻው ዓምድ ትንሣኤ ሙታን ነው፤ ለነፍስ አለመሞት የቆመ የተለየ ዓምድ የለም። እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተደነገገው የሃይማኖት መግለጫ በ381 በቁስጥንጥንያ ሲሰፋም ከተጨመሩት ቃላት መካከል የሙታንን ትንሣኤ ተስፋ ማድረግ ይገኝበታል። አባቶች ምእመናን በየቅዳሴው በአንደበታቸው እንዲመሰክሩት የመረጡት ተስፋ ይህ ነው።

በነፍስ አለመሞትና በሥጋ ትንሣኤ መካከል ያለውን ልዩነት በዘመናችን አጥብቆ ካነሡት ምሁራን አንዱ ኦስካር ኩልማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው ንግግር የሶቅራጥስንና የኢየሱስን አሟሟት ጎን ለጎን አስቀመጠ። አፍላጦን እንደሚተርከው ሶቅራጥስ መርዙን በተረጋጋ መንፈስ ጠጣ፤ ሞት ለእርሱ ነፍስን ከሥጋ እስራት የሚፈታ ወዳጅ ነበርና። ኢየሱስ ግን በጌቴሴማኒ ተጨነቀ፣ ጽዋው እንዲያልፍለት ለመነ፤ በመስቀልም ላይ በታላቅ ድምፅ ጮኸ። ኩልማን ከዚህ ተነሥቶ ሞት በመጽሐፍ ቅዱስ ዘንድ ጠላት እንደሆነ፣ መድኃኒቱም የነፍስ መትረፍ ሳይሆን አዲስ የእግዚአብሔር የፍጥረት ሥራ እንደሆነ አስረዳ። በዚህ ከእርሱ ጋር እስማማለሁ። ሁለቱን ትምህርቶች ፈጽሞ እንደማይታረቁ ባላንጣዎች ማቅረቡ ግን ከልክ ያለፈ ይመስለኛል። ለዚህም ዋናው ምስክሬ በሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ነው።

ምሁራን ምዕራፍ 22 ብለው በሚጠሩት የሄኖክ ክፍል ሄኖክ ወደ ምዕራብ ተወስዶ በአንድ ታላቅ ተራራ ውስጥ ጥልቅ ስፍራዎችን ያያል። የሙታን ነፍሳት የጻድቃኑ ከኃጥአኑ ተለይተው እስከ ፍርድ ቀን የሚቆዩት በዚያ ነው። ከእነዚህ ነፍሳት አንዷ እየጮኸች ትከሳለች። ሄኖክ የማን እንደሆነች ሲጠይቅ አብሮት ያለው መልአክ ወንድሙ ቃየን የገደለው የአቤል መንፈስ መሆኗን ይነግረዋል። ከዚህ መጽሐፍ የአራማይክ ቁርጥራጮች በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ ተገኝተዋል፤ ክፍሉም ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈ እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ። ስለዚህ ነፍስ ከሞት በኋላ ትኖራለች የሚለው እምነት ከግሪክ ፍልስፍና ጋር ብቻ ወደ ክርስትና ሾልኮ የገባ አይደለም። ሆኖም የአቤል ነፍስ መኖሯ ራሱ መዳን አይደለም። እርሷ ያልተጠናቀቀ የፍርድ ጉዳይ ተሸክማ ትጠብቃለች። ኦሪት ዘፍጥረት የአቤል ደም ከምድር እንደሚጮኽ ሲናገር የጀመረውን ሄኖክ ይቀጥለዋል፤ የዮሐንስ ራእይም በምዕራፍ 6 በመሠዊያው ሥር ያሉት የሰማዕታት ነፍሳት እስከ መቼ እያሉ ሲጣሩ ያሳያል። በእነዚህ ሁሉ የነፍስ መኖር የተስፋው ፍጻሜ ሳይሆን ተስፋው ገና ያልተፈጸመ ለመሆኑ ምስክር ነው።

ይህንን ይዘን ወደ ብሉይ ኪዳን ብንሄድ ትንሣኤን በየገጹ አናገኝም፤ እንዳለ አድርጎ ማቅረብም ለመጽሐፉ ታማኝነት አይሆንም። ብዙዎቹ መዝሙራት ስለ ሲኦል ዝምታ ይናገራሉ፤ መጽሐፈ መክብብም እንዲሁ። በሕዝቅኤል 37 የደረቁት አጥንቶች ራእይ በቀዳሚ ፍቺው በባቢሎን ምርኮ ያለው የእስራኤል ቤት ወደ ምድሩ ስለ መመለሱ የተነገረ ነው። ኢሳይያስ 26፥19 የሙታንን መነሣት ሲያበሥር፣ ዳንኤል 12፥2 ደግሞ በምድር ትቢያ ያንቀላፉት ብዙዎች እኩሌቶቹ ወደ ዘላለም ሕይወት፣ እኩሌቶቹም ወደ ዘላለም ጉስቁልና እንደሚነቁ በግልጽ ይናገራል። ይህ የዳንኤል ቃል ብዙዎች እንደሚረዱት በንጉሥ አንጥዮኩስ ኤጲፋንስ ዘመን ስደት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ167 እስከ 164 ባሉት ዓመታት፣ ሕጉን ጠብቀው የሞቱትን ይመለከታል። ችግሩ ከባድ ነበር። በሕግ መታዘዝ ሕይወትን ያመጣል ተብሎ ሳለ የታዘዙት ተገደሉ፤ የካዱት ግን ተረፉ። እግዚአብሔር ለእነዚያ ሙታን ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም?

በግሪክኛው ሁለተኛ መቃብያን ምዕራፍ 7 የሚተረክላቸው ሰባት ወንድማማቾችና እናታቸው ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ በጣም ሥጋዊ ነው። ሦስተኛው ልጅ እጆቹን ሊቆርጧቸው ሲሉ ዘርግቶ ይሰጣል፤ ከሰማይ እንደ ተቀበላቸው ሁሉ መልሶ ከዚያው እንደሚቀበላቸው ይመሰክራል። እናቱም ልጆቿን ስታጸና የምታቀርበው ማስረጃ ከፍጥረት የመነጨ ነው፦ ሰማይንና ምድርን ካልነበረ ነገር የፈጠረ አምላክ በማሕፀንዋ የሠራቸውን መልሶ መሥራት አያቅተውም። ይህ መጽሐፍ በእኛ ዘንድ ካሉት ሦስት መጻሕፍተ መቃብያን ጋር አንድ አይደለም። የእኛዎቹ መቃብያን ታሪካቸው የተለየ ቢሆንም እነርሱም በሰማዕትነት ዙሪያ ትንሣኤን የሚክዱትን አጥብቀው ይከራከራሉ። ሁለት የተለያዩ መጻሕፍት በአንድ ስም ወደ አንድ ጥያቄ መድረሳቸው ትንሣኤ ከሰማዕታት ደም ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እምነት እንደሆነ ያሳያል።

ሰዱቃውያን ይህንን እምነት አልተቀበሉም። ወደ ኢየሱስ ቀርበው ለሰባት ወንድማማቾች በየተራ የተዳረችውን ሴት ታሪክ ሲያነሡ (ማርቆስ 12) እርሱ የመለሰላቸው ከዳንኤል ሳይሆን እነርሱ ከሚቀበሉት ከኦሪት፣ ከቁጥቋጦው ታሪክ ነው። እግዚአብሔር ለሙሴ ራሱን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ ብሎ ከጠራ እነዚህ አባቶች ለእርሱ ሕያዋን ናቸው። ክርክሩ ነፍስ በተፈጥሮዋ አትሞትም በሚል ላይ አልቆመም። የቆመው አምላክ ቃል ኪዳን የገባለትን ሰው በሞት እጅ ጥሎ አይሄድም በሚለው ላይ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ጉዳዩን ወደ ቆሮንቶስ ሰዎች በላከው የመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 15 ያነሣል። መልእክቱ የተጻፈው ከኤፌሶን፣ በ50ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከአራቱም ወንጌላት ይቀድማል። ከዚያም በላይ ጳውሎስ እርሱ ራሱ ተቀብሎ ያስተላለፈውን ምስክርነት ይጠቅሳል፦ ክርስቶስ ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፤ ለኬፋ፣ ለዐሥራ ሁለቱ፣ ከአምስት መቶ ለሚበልጡ ወንድሞች፣ ለያዕቆብ፣ በመጨረሻም ለራሱ ታየ። ከአምስት መቶዎቹ የሚበዙት ገና በሕይወት እንዳሉ ማስታወሱ ለጠያቂ ደጅ እንደ መክፈት ነው።

ቆሮንቶሳውያን የክርስቶስን መነሣት የካዱ አይመስሉም። ያስቸገራቸው የራሳቸው የሙታን ሥጋ መነሣት ነው። ከግሪክ አስተሳሰብ ጋር ላደገ ሰው ሥጋን መልሶ መልበስ ወደ እስር ቤት መመለስ ይሆንበታል፤ በአቴናም አርዮስፋጎስ ላይ ከጳውሎስ አድማጮች አንዳንዶቹ እስከ ትንሣኤ ድረስ አዳምጠው በዚያው ላይ ሲደርሱ የሳቁት ለዚህ ነበር። ጳውሎስ ግን ሁለቱን እንዲለያዩ አይፈቅድም፦ ሙታን የማይነሡ ከሆነ ክርስቶስም አልተነሣም። እዚህ ላይ የሚጠራው የበኩራት ምሥጢር ከኦሪት ዘሌዋውያን 23 የመጣ ነው። ካህኑ ከሰንበት ማግስት የመጀመሪያውን ነዶ በእግዚአብሔር ፊት ሲወዘውዝ ገና በማሳው ላይ ያለው መከር ሁሉ በእርሱ ይወከላል። መከር የማይከተለው በኩራት ትርጉም የለውም። የፋሲካው ማለዳም የአንድ ሰው ተአምር ብቻ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ጳውሎስ የሚሰብከው ወንጌል አይሆንም ነበር። የሚነሣው አካል መንፈሳዊ ነው ሲልም የሥጋን መጥፋት አይሰብክም፤ የተዘራው ያው ነው የሚለወጠው። የሚበሰብሰው የማይበሰብሰውን ይለብሳል እንጂ ተጥሎ አይቀርም።

ይህንን ወንጌላት በታሪክ ያሳዩናል። በሉቃስ 24 የተነሣው ጌታ በደቀ መዛሙርቱ ፊት ከተጠበሰ ዓሣ ይበላል፤ በዮሐንስ 20 በተዘጋ ደጅ ገብቶ ለቶማስ የተወጋውን ጎኑን ያሳያል። ዮሐንስ ቶማስ እጁን እንደ ሰደደ አይነግረንም፤ አምላኬ ብሎ መመስከሩን ብቻ ይነግረናል። ለእኔ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከባዱ ነገር ቁስሉ መኖሩ ነው። ሞትን ድል የነሣ አካል የችንካር ምልክት ይዞ መታየቱ ትንሣኤ የተፈጸመውን ግፍ እንደማይሰርዘው፣ እንደማይደብቀውም ያስረዳል። አቤል ሲጠብቅ የኖረው ፍርድ እንዲህ ይመጣል፦ ገዳዮች ያደረጉት በተገደለው ሰው ሕያው ሥጋ ላይ ተጽፎ ይነበባል።

የባዶው መቃብር የመጀመሪያ ምስክሮች ሴቶች ናቸው። ይህ ነጥብ በክርክር ብዙ ጊዜ ይነሣል፤ ፍላቪዎስ በሚል ስምም የሚታወቀው አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ የሴቶች ምስክርነት ተቀባይነት እንደሌለው ጽፏልና ታሪኩን የፈጠረ ሰው እነርሱን አይመርጥም ይባላል። ክርክሩ ብርቱ ነው። ጳውሎስ በዝርዝሩ ሴቶቹን አለመጥቀሱ ግን መታለፍ የለበትም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤን ሳምንት ስታከፋፍል ማክሰኞን ለቶማስ፣ ረቡዕን ለአልዓዛር፣ ሐሙስን ለአዳም፣ ቅዳሜን ደግሞ ለቅዱሳት አንስት ሰጥታለች፤ የጳውሎስ ዝርዝር የተወውን ወንጌላት መዝግበውት ነበርና የቀን መቁጠሪያው አልረሳውም። ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናትም ጾምና ስግደት የለም። የኒቅያ ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው በእነዚህ ቀናት በቁም እንዲጸለይ ማዘዙ እምነቱ በምእመናን ጉልበትና እግር ላይ ሳይቀር እንዲታይ ነው።

በሁለተኛው መቶ ዓመት ኢሬኔዎስ ሥጋ አይድንም የሚሉትን ሲቃወም ከቅዱስ ቁርባን ተነሥቶ ነበር፦ በጌታ ሥጋና ደም የተመገበ ሥጋ ለጥፋት ብቻ ነው ማለት እንደምን ይቻላል? አውሬ ወይም ሰው የበላው ሥጋ እንዴት ይነሣል የሚለውን ጥያቄ አቴናጎራስና ቆይቶም አውግስጢኖስ በብዙ ድካም መልሰውታል። የእነርሱ የቁስ አካል ስሌት ዛሬ አያረካን ይሆናል፤ ጥያቄውን ያስነሣው ግን እምነቱን በቁም ነገር መያዛቸው ነው። መልሱም ጥንት የሰባቱ ልጆች እናት ከሰጠችው ብዙ አይርቅም፤ ማንነታችንን የሚጠብቀው የአፈሩ ቅንጣት ሳይሆን የፈጠረን ነው።

ጳውሎስ መልእክቱን ሲጽፍ በምዕራፎች አልከፋፈለውም። ስለዚህ ሞት ሆይ መውጊያህ የት አለ ብሎ ከዘመረ በኋላ ሳያቋርጥ የሚቀጥለው ለኢየሩሳሌም ድሆች ስለሚሰበሰበው መዋጮ ነው። እያንዳንዱ እንደ ተሳካለት መጠን በየሳምንቱ የመጀመሪያ ቀን በቤቱ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ያዝዛል። ያ ቀን ጌታ የተነሣበት ቀን ነው፤ ገንዘቡም የሚሄደው እህል ለሚያስፈልገው ሥጋ ነው።