ድህነት ብቻውን ገዳይ አይሆንም፦ ከ1928 እና ከ1983 የምንማረው

ጀሞ፣ ለቡ፣ ጎፋ፣ መካኒሳ... በንፋስ ስልክ ላፍቶ ሲመሽ ወሬው አንድ ነው፤ እዚያ ማዶ ሞባይል ተቀማ፣ እዚህ ሰው በጩቤ ተወጋ። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱም አንድ ነው፤ "ድህነት ነው፣ ሥራ አጥነት ነው።" መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። አዲስ አበባ ድሃ ያልነበረባት ጊዜ የለም። ደም የሚፈስባት ግን በየዘመኑ እኩል አይደለም። ታድያ ልዩነቱን የሚያመጣው ምንድን ነው? ከተማዋ ሁለት ምስክሮች አሏት።

የመጀመሪያው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጦሩ ተሸነፈ። የተረፈው ወታደር ተርቦና ቆስሎ፣ ጠመንጃውን እንደያዘ ተመለሰ። ሚያዝያ 24 ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። በዚያው ቀን ዝርፊያው ተጀመረ፤ ጣልያን እስከገባበት እስከ ሚያዝያ 27 ድረስም ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። የውጭ ዜጎች እንግሊዝ ሌጋሲዮን ገብተው ተጠለሉ። ቁስለኛ ሲረዳ የቆየው የእንግሊዝ አምቡላንስ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ ሚያዝያ 25 መንገድ ላይ በዘራፊ ጥይት ተመታ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተ።

እስቲ ልብ በሉ፤ ሚያዝያ 23 ድሃ የነበረው ሰው ሚያዝያ 25ም ያው ድሃ ነው። በሁለት ቀን ውስጥ ኪሱ አልተለወጠም። የተለወጠው ሌላ ነው፤ ጠያቂ ጠፋ፣ መሣሪያ በየእጁ ገባ፣ ከውጊያ የተመለሰ ሰው ተቀባይ አጣ።

ሁለተኛው ምስክር 1983 ዓ.ም. ነው። ግንቦት 13 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ወደ ዚምባብዌ ኮበለሉ። ሦስቱም ነገሮች እንደገና ተገናኙ። ከግንባር የሸሸ ወታደር ከተማዋን ሞላ፤ ክላሽ በርካሽ ተሸጠ፤ ተጠባባቂው ፕሬዚዳንት ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ሠራዊቱን መቆጣጠር እንዳቃታቸው ተናገሩ። ግንቦት 27 የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሰው አለቀ፤ ካሜራማኑ መሐመድ አሚን እጁን አጣ።

ቢሆንም 1928 አልተደገመም። ለምን? አንደኛ፣ ክፍተቱ ቶሎ ተዘጋ፤ ለንደን ላይ አሜሪካዊው አደራዳሪ ሄርማን ኮኸን ኢሕአዴግ ገብቶ ጸጥታ እንዲያስከብር ደገፉ፤ ግንቦት 20 ገባ። ሁለተኛ፣ ከ400 ሺህ በላይ የሚሆነው የደርግ ሠራዊት ሲበተን ካምፕ ገባ፣ ቀለብ ተሰፈረለት፣ ወደየትውልድ ቦታው ተሸኘ። ፍትሐዊ ነበር ማለቴ አይደለም። አገር የጠበቀ ወታደር በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲለምን አይተናል። ግን ጎደሎም ቢሆን ተቀባይ ነበረው።

ወደ ዛሬ እንምጣ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ ወዲህ የቀድሞ ታጣቂዎችን የማቋቋም ሥራ በብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን እጅ ነው። በአማራና በኦሮሚያ ደግሞ ጦርነቱ አዳዲስ ታጣቂዎችን እያፈራ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለን፤ ወረቀት ግን ብቻውን ጠመንጃ አይሰበስብም።

ጠያቂ ማለትም ፖሊስ ብቻ አይደለም። በድሮው ሰፈር አንድ ጎረምሳ "የእነ እገሌ ልጅ" ነበር፤ አጉል ሲሆን የእድር ዳኛውም፣ ጎረቤቷ እማማም ይቆጡታል። ዛሬ ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል። ቤቱ ተተክቷል፤ "አንተ የማን ልጅ ነህ?" የሚለው ሰው አልተተካም።

ስለዚህ በወረዳ የጸጥታ ስብሰባ ላይ ስለ ካሜራና ስለ ፓትሮል ስንጠይቅ እነዚህንም እንጨምር፤ መሣሪያው የት ደረሰ? ከጦርነት የሚመለሰውን ማን ይቀበለዋል? ከሰፈሩ የተነሳውን ልጅ ስሙን የሚያውቅ ማን አለ? በ1928 ይህን የጠየቀ አልነበረም፤ ዋጋውን የከፈለችው ከተማዋ ናት።