የድንጋዩ ፈረሰ፣ የሣሩ ቆመ

የሥነ ሕንፃ ታሪክ የሚያጠኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በፈረንጅ አገር አንድ መልካም ልማድ አላቸው። ትምህርት ሲዘጋ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት፣ ጥቂት ገንዘብ ተሰጥቷቸው ወደ አንድ ጥንታዊ ሕንፃ ይላካሉ። ግድግዳውን ይለካሉ፣ ይነድፋሉ፣ መዝገብ ያገላብጣሉ። አሜሪካኖች ታሪካዊ ሕንፃዎችን በመንግሥት ደረጃ መመዝገብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1933 ሲሆን፣ ያሰማሩትም በዚያ ክፉ የኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ያጡ አርክቴክቶችን ነበር። ኋላ ላይ ሥራው የእረፍት ጊዜ ተማሪዎችም ሆነ። ንድፎቹ ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ማንም ሊያያቸው ይችላል።

ይህን ልማድ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ጣና ዳርቻ ብናመጣውስ? አዲስ አበባ የሕንፃ ትምህርት ቤት ካገኘች ከእ.ኤ.አ. 1954 ወዲህ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗል። ባሕር ዳርም እ.ኤ.አ. በ1963 ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቶላት፣ በ2000 የዩኒቨርሲቲ ባለቤት ሆናለች። ተማሪ አለን፤ የሚጠና ሕንፃም ሐይቁ ዙሪያውን ሞልቶታል። ነገር ግን ገና ከመነሻው አንድ እንቅፋት ይገጥመናል። የእነሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው። ሰኔ ሲገባ ደመናው ይወርዳል፣ መንገዱ ይጨቀያል፣ ጣና ይናወጣል። ቁፋሮም ሆነ ልኬት የሚመቸው በጋ ላይ ነው። ታዲያ ተማሪው በሐምሌ መጥቶ ምን ያጠናል?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ጎርጎራ ላይ ይመስለኛል።

ከሐይቁ በስተ ሰሜን፣ ከጎርጎራ ከተማ ራቅ ብሎ፣ ማርያም ግምብ የሚባል ፍርስራሽ አለ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ንጉሡ ከእ.ኤ.አ. 1607 እስከ 1632 በነገሡበት ጊዜ፣ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ያሠሩት የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቅሪት ነው። ከመካከላቸው ስመ ጥር የነበረው ስፔናዊው ፔሮ ፓይስ ቀደም ብሎ በዚያው በጎርጎራ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤተ መንግሥት አሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1622 ያረፈውም እዚያው ነው። በእነዚያ ዓመታት ኖራ ለግንብ ሥራ መዋል ጀመረ። ከዚያ በፊት በጭቃ ይያያዝ የነበረው ድንጋይ በኖራ ተያያዘ። አፄ ፋሲል ሚሲዮናውያኑን ካባረሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ሲቆረቁሩ ሰዎቹ ሄደው ነበር፤ እጅ ግን ሥራውን ተምሮ ቀርቷል። የጎንደርን ግንብ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ብሎ ለመደምደም የሚቸኩል ሁሉ ይህችን የዓመታት ቅደም ተከተል ልብ ሊላት ይገባል።

በዚያው በጎርጎራ የደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያንም አለች። ምሥረታዋን ትውፊት ወደ 14ኛው ምዕተ ዓመት ይወስደዋል። ክብ ናት፤ በእንጨትና በጭቃ ተሠርታ ለረጅም ዘመን ሣር ስትለብስ የኖረች፣ የመቅደሷ ግድግዳም በሥዕል ያሸበረቀ። እንግዲህ ሁለቱን አነጻጽሩ። በድንጋይና በኖራ የታነጸው ፈረሰ፤ በጭቃና በሣር የተሠራችው ቆማለች፣ ይቀደስባታልም።

ምክንያቱ ከቁሱ ጥንካሬ አይመስለኝም። ማርያም ግምብ ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ባለቤት አጣ። ጣሪያው ቢሰነጠቅ የሚያየው፣ ግድግዳው ላይ ሾላ ቢበቅል የሚነቅለው ምእመን አልነበረውም። የሣር ክዳን ግን ባለቤቱን አያስተኛም። ሣሩ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ሰው ይሰበሰባል፣ ይታጨዳል፣ ማገሩ ይጠበቃል፣ ክዳኑ ይታደሳል። ደካማነቱ ራሱ ሰውን በየጊዜው ይጠራዋል። የዘጌዎቹ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት በደቅ ደሴት ያሠሯት ናርጋ ሥላሴም ለዘመናችን የደረሱት በእንዲህ ያለ የእጅ ቅብብሎሽ ነው። ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቅድስቱና መቅደሱ እንደ ቀለበት የተያያዙበት ሥርዓትም ሥዕሉን ከዝናብ ይከልላል፤ ሥዕሉ ያለው ውስጥ፣ ዝናብ የሚመታው ውጭ ነውና።

እንግዲህ ክረምት እንቅፋት የሚመስለው ሕንፃን እንደ ድንጋይ ክምር ብቻ ለሚያይ ሰው ነው። ሕንፃን እንደ ጥገና ታሪክ ለሚያይ ግን ክረምት ዋናው መርማሪ ነው። የቱ ጥግ እንደሚያፈስ፣ ሣሩ ተነሥቶ ቆርቆሮ በተመታበት ደብር ውሃው የት እንደሚወርድ፣ የጣሪያው ጫፍ ከግድግዳው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚታየው በሐምሌ ነው። ልኬቱ ለጥር ይቆይ። ሐምሌና ነሐሴ ሽማግሌ የሚጠየቅበት፣ «ይህን ክዳን መጨረሻ የከደነው ማነው? ከማንስ ተማረ?» የሚባልበት ይሁን። ይህ ጥያቄ በየትም መዝገብ መልስ የለውም፤ ባለሙያው ሲሞት አብሮት ይቀበራል።

ሁለት ነገር ግን አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። አንደኛው የገዳማቱ ሥርዓት ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ስለዚህ ሴት ተማሪ ድልድሉ ሲወጣ ቀርታ ጣና ለወንድ ብቻ እንዳይሆን፣ ዘጌንና ናርጋን የመሰሉ ደብሮች የጥናቱ እምብርት ሊሆኑ ይገባል። ሁለተኛው የውጤቱ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 የማርሴል ግሪዮል ቡድን ከጎንደር አባ እንጦንስ የመቅደሱን ሥዕል አንሥቶ ቅጂ ተክቶ ወደ ፓሪስ ወስዷል። በቅርቡ ደግሞ የማድሪድ ሊቃውንት ጎርጎራንና አዘዞን ለዓመታት ቆፍረውና መርምረው ግሩም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል፤ ነገር ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ዋጋውም ለአገር ቤት ተማሪ አይቀመስም። የመጀመሪያው ቅርስ መውሰድ ነው፣ ሁለተኛው በጎ ሥራ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ግፍ ይሆናል። የደብሩ ቄስ እጅ ግን ከሁለቱም ምን ገባ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ብዙ አይለያይም።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለእንዲህ ያለው የክረምት ጥናት አንድ ሕግ ይበቃዋል፤ ተማሪው የነደፈውን ንድፍ አንድ ቅጂ፣ በአማርኛ ተብራርቶ፣ ለደብሩ ዕቃ ቤት ያስረክብ። በሚቀጥለው ጊዜ ማገር ሲሰበር ወይም ክዳን ሲነሣ አናጢው ያንን ወረቀት ዘርግቶ ይሠራበታል።