ሕፃናት፣ የአዋቂ ስልክና ማኅበራዊ ሚዲያ፦ ከፋሲሎ የተነሣ ምልከታ

ታኅሣሥ 1 ቀን 2018 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንደ ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ኢንስታግራም ባሉ መድረኮች አካውንት እንዳይኖራቸው ይከለክላል። ግዴታውን የማይወጣ ኩባንያ እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይቀጣል፤ ልጁም ሆነ ወላጁ አይቀጡም። ይህን የሰማ የእኛ ወላጅ «ለልጆቻችንስ ዕድሜው ስንት ይሁን?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። በባሕር ዳር፣ በፋሲሎ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ ግን ቀዳሚው ጥያቄ ይህ አይመስለኝም። እዚህ ሕፃን ልጅ ማኅበራዊ ሚዲያን የሚያገኘው በአብዛኛው በእናቱ፣ በታላቅ ወንድሙ ወይም በጎረቤት ስልክ፣ በእነሱው ሲም ካርድና ስም ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ስልኩ ልጁ እጅ ሲገባ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰጪው ፈቃድ እንደሰጠ አያስበውም።

በብዙዎቹ መድረኮች ላይ የምናየው የ13 ዓመት ገደብ ስለ ልጅ አእምሮ ብስለት ከተደረገ ጥናት የመጣ አይደለም። መነሻው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣችው ሕግ ሲሆን፣ ኩባንያዎች ያለ ወላጅ ፈቃድ ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ይከለክላል። ኩባንያዎቹ ፈቃድ ከመጠየቅ ይልቅ ታናናሾቹን በደንባቸው ማግለል ቀለላቸው፤ ቁጥሩም ከአገልግሎቱ ጋር እኛ ዘንድ ደረሰ። እኛ ዘንድ ግን ዕድሜን በምን እናረጋግጣለን? በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከ5 ዓመት በታች ከነበሩት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። እነዚያ ሕፃናት ዛሬ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ክርክሩ በሙሉ የሚያርፈው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ልደታቸው የተመዘገበላቸው ቢኖሩም፣ ዕድሜ በሰነድ እንዲረጋገጥ የሚያዝ ሕግ ዛሬ ቢወጣ የሚጸናው ሰነድ ባላቸው ልጆች ላይ ብቻ ይሆናል። የሌላቸው በአዋቂ ስም መግባታቸውን ይቀጥላሉ።

ሕጋችን በአሳዳጊው ላይ የጣለው አደራ ቀድሞም ከባድ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አካለ መጠን ያልደረሰ የሚለው ከ18 ዓመት በታች ያለውን ሰው ነው፤ ጤናውንና ትምህርቱን የመከታተል ኃላፊነትም ልጁን ለሚያሳድገው «አሳዳሪ» ይሰጣል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 16 የልጁን ግላዊ ሕይወት፣ በአንቀጽ 17 መረጃ የማግኘት መብቱን ያስከብራል። ስለዚህ ወላጅ የልጁን ደኅንነት በመጠበቅ ስም እነዚህን ሁለቱን እንደሌሉ ሊቆጥራቸው አይችልም። ልጁን ሳይጠይቁ የክርስትናውንና የልደት በዓሉን ፎቶ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፉ አዋቂዎችም፣ ልጁ አካውንት ከመክፈቱ ከዓመታት በፊት ስለ እሱ ውሳኔ ሰጥተዋል።

የባሕር ዳርን ጉዳይ ከሌላው ዓለም የሚለየው የቅርብ ዓመታት ታሪኳ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ በከተሞች ያሉ በርካታ ትምህርት ቤቶች ማስታወሻና መልመጃ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ። ወላጅ «አይነካም» ይለው የነበረውን ስልክ መምህሩ ራሱ «ከፍታችሁ እዩ» አለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ከተማዋ ባለችበት በአማራ ክልል የትጥቅ ግጭት ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ከተማዋም ለአንድ ዓመት ያህል ያለ ሞባይል ዳታ ቆየች። በዚያ ጊዜ ልጅ ኢንተርኔት ይጠቀም ወይስ አይጠቀም የሚለው ውሳኔ ከወላጅ እጅ ወጥቶ ነበር። በግጭቱ ምክንያት በክልሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ፤ በከተማውም ልጅን ከደጅ ወደ ቤት መሰብሰብ የደኅንነት ጉዳይ ሆነ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆናታን ሃይት እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው መጽሐፍ ስማርት ስልክ የልጅነትን ጨዋታ ነጠቀ ብሎ ይከራከራል። እዚህ ግን ልጁን ከሜዳ ያስቀረው መጀመሪያ ስልኩ አይደለም፤ ስጋት ነው። ስልኩ የመጣው ባዶውን ቦታ ሊሞላ ነው። ስለዚህ ስልኩን ወስዶ ምትክ የማይሰጥ ቤት ልጁን ወደ ጨዋታው አይመልሰውም። ጉዳቱ ምን ያህል ነው በሚለውም ምሁራን አልተስማሙም፤ ኤሚ ኦርቤንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የዲጂታል ቴክኖሎጂ አጠቃቀም በታዳጊዎች ደኅንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት ቢበዛ 0.4 በመቶውን ብቻ እንደሚያብራራ አሳይተዋል። የሁለቱም ወገን ማስረጃ በአብዛኛው የተሰበሰበው ከበለጸጉ አገሮች ልጆች ነው።

ከእኛው ልጆች የተገኘው ማስረጃ ሌላ አደጋ ያሳያል፤ እኔንም ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው። የልጆችን ወሲባዊ ብዝበዛ የሚታገለው ኢክፓት፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2022 ስለ ኢትዮጵያ ያወጡት ጥናት ከ12 እስከ 17 ዓመት ካሉት ልጆች ኢንተርኔት የሚጠቀሙት ሩብ ያህሉ እንደሆኑ ይገልጻል። ከእነዚህ ተጠቃሚዎች ቢያንስ 10 በመቶው በአንድ ዓመት ውስጥ በኢንተርኔት ግልጽ የሆነ ወሲባዊ ብዝበዛና ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ማስፈራራትና በገንዘብ ወይም በስጦታ ማባበል ከጥቃቶቹ መካከል ናቸው። ልጆቹ ቢናገሩ የሚናገሩት በአብዛኛው ለጓደኛ ነው፤ ወደ ፖሊስ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ለምን ለአዋቂ አይነግሩም? በእኔ ግምት አንዱ ምክንያት በየቤታችን የተለመደው ቅጣት ነው፦ ስልኩ ይነጠቃል፣ ከዚያም «ማን ግባ አለህ?» ይከተላል። ተደብቆ የገባ ልጅ የደረሰበትን ለመናገር መጀመሪያ የራሱን ጥፋት ማመን አለበት። ክልከላ አደጋን እንደሚቀንስ፣ ነገር ግን ልጁ የሚያገኘውን ዕድልና ችሎታም አብሮ እንደሚቀንስ የምሁሯ የሶንያ ሊቪንግስተን የአውሮፓ ጥናቶች አሳይተዋል። በእኛ ቤት ዝምታም ይጨመርበታል።

ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ የራሱ አካውንት ሊከፈትለት አይገባም እላለሁ፤ የሚያየውንም ሰው ባለበት ክፍል፣ ከአዋቂ ጋር ይየው። ከዚያ በላይ ላለው ግን ቤቱ አስቀድሞ ሊሰጠው የሚገባ አንድ ቃል አለ፦ የሚያስፈራ ነገር ገጥሞት ቢናገር፣ ሳይፈቀድለት ገብቶ እንኳ ቢሆን፣ በመናገሩ አይቀጣም። ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አለባቸው። የታችኛ ክፍል ተማሪዎች የቴሌግራም ግሩፕ በወላጅ ቁጥር ብቻ ሊከፈት፣ የቤት ሥራውም ስማርት ስልክ ለሌለው ቤት በወረቀት ሊደርስ ይችላል። ይህን ለመወሰን አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ በየትምህርት ቤቱ ያለው የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በአንድ ስብሰባ ሊያጸድቀው ይችላል።