ቅል በሲያትል ግንብ ሥር

ሲያትል ዝናባም ናት ሲባል የሰማ ሰው እዚህ ሐረግ ማሳደግ ቀላል ይመስለዋል። ቅል ውሃ ይወዳል፤ ከተማዋ ደግሞ በውሃ የታወቀች ናት። ሒሳቡ ግን እንዲያ አይሠራም። እዚህ በዓመት የሚጥለው ዝናብ ወደ 1,000 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ከዚህ የበለጠ ይዘንባል። ልዩነቱ ወቅቱ ላይ ነው። አገር ቤት ሰኔ ሲገባ ሰማዩ ይከፈታል፤ ቅሉም ከዝናቡ ጋር አብሮ አጥር ላይ ይወጣል፤ መስከረም ሲጠባ ፍሬውን አንጠልጥሎ ይገኛል፤ ከዚያ የበጋው ፀሐይ እዚያው እንደተንጠለጠለ ያደርቀዋል። ሰው የሚሠራው ዘሩን መሬት ውስጥ መክተት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሲያትል የዚህ ተገላቢጦሽ ናት። ዝናቡ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሲያካፋ ይከርምና ልክ ሙቀቱ ብቅ ሲል ጥሎ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ የሚወርደው 20 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሙቀት ሲኖር ውሃ የለም፤ ውሃ ሲኖር ሙቀት የለም፤ ማድረቂያ የሚሆን በጋ ደግሞ ጭራሽ የለም።

ብዙ ሰው የሚፈራው ውርጩን ነው። እኔ ውርጩን ከችግር አልቆጥረውም። ከባሕሩ አጠገብ ባሉት ሰፈሮች ውርጭ አብዛኛውን ጊዜ መጋቢት ላይ ይሰናበትና እስከ ኅዳር ግድም አይመለስም። ሰባት ስምንት ወር ነው፤ ለቅል ከበቂ በላይ ነው። የሚጎድለው ሙቀቱ ነው። ሰኔ ላይ ሌሊቱ ወደ 12 ዲግሪ ይወርዳል፤ አፈሩም የክረምቱን ብርድ ይዞ ይቆያል። የከተማው ሰው «ሰመር የሚጀምረው ከፎርዝ ኦፍ ጁላይ ማግስት ነው» እያለ ይቀልዳል፤ ለቅል ተካይ ግን ይህ ቀልድ ሳይሆን የሥራ ዕቅድ ነው። ከዚያን ቀን እስከ መስከረም መባቻ ያለው ሙቀት አሥር ሳምንት ቢሆን ነው። ቅል ከዘር ተነስቶ ልጡ እንጨት እስኪሆን አራት ወር ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። ስለዚህ ቅል እዚህ ደጅ የሚያድገው መሐል ዕድሜውን ብቻ ነው፤ ልጅነቱንም እርጅናውንም ቤት ውስጥ ያሳልፋል።

የምተክልበት ቦታ ፒ-ፓች ከሚባሉት የከተማው የጋራ አትክልት ቦታዎች አንዱ ነው። እነዚህ ቦታዎች እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመሩ ናቸው፤ «ፒ» የምትለዋ ፊደል ከኢጣሊያ መጥቶ እዚህ እርሻ ከነበረው ከፒካርዶ ቤተሰብ ስም የተወሰደች ናት። ሰው በዓመት ትንሽ ክፍያ ከፍሎ አንድ መደብ ይይዛል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ሬይኒየር ቫሊ አካባቢ ባሉት ላይ የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ የሐበሻ ጎመን፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ ከሩቅ ይለያል። የእኔዋ መደብ ማንም የማይፈልጋት ነበረች፤ ከሲሚንቶ ግንብ ሥር ተወሽቃ ጠዋት ፀሐይ አያገኛትም። ከቀትር በኋላ ግን ግንቡ ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሰጠ ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ሲግል ይውላል፤ ሌሊቱን ደግሞ የዋለበትን ሙቀት ቀስ እያለ ይመልሳል። እንዲህ ባለ አገር ላይ ሙቀት ለሚወድ ሐረግ ከማዳበሪያም ከምንም በላይ የሚበጀው ግንብ ነው። ሥሩ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ አነጥፋለሁ፤ መደቡንም ከመሬት ከፍ አድርጌ አሸዋ ቀላቅዬበታለሁ፤ የዚህ አገር ሸክላ አፈር ውሃ ከያዘ አይለቅምና። እርጥብ አፈር ቀዝቃዛ አፈር ነው። የቅል ሥር ብርዱን ለብቻው ሊታገሠው ይችላል፤ ብርዱና ውሃው አንድ ላይ ከመጡበት ግን ይበሰብሳል።

ዘሩ ከየት መጣ ለሚለኝ መልሱ ብዙዎችን ያሳዝናል። ከኮምቦልቻ አልመጣም። ዘር በሻንጣ ይዞ አሜሪካ መግባት የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ወረቀት የሌለው ዘር ኤርፖርት ላይ ይወረሳል። ደግሞም ቢገባ ጥሩ ፍሬ መስጠቱ ያጠራጥራል። ወሎ ላይ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ ከ13 ሰዓት አይበልጥም፤ ሲያትል ላይ ሰኔ አጋማሽ ቀኑ 16 ሰዓት ይደርሳል። የቅል ወገኖች ቀን ሲረዝምባቸው ወንዴ አበባ ያበዛሉ እንጂ ፍሬ የምትይዘውን ሴቴ አበባ ያዘገያሉ። አጭር ቀን የለመደ ዘር እዚህ ሲመጣ ቅጠሉን እያንጠለጠለ ሰመሩን ይጨርሰዋል።

የእኔ ዘር የመጣው ከጎረቤት መደብ ነው፤ የመደቡ ባለቤት አንዲት ቬትናማዊት አዛውንት ናቸው። እሳቸው «ባው» ይሉታል፤ ፊሊፒኖዎቹ «ኡፖ»፣ ሕንዶቹ «ላውኪ»። ሁሉም ገና ለጋ ሳለ ቆርጠው ይበሉታል፤ የእሳቸው ቤት በሽሪምፕ ሾርባ ይሠራዋል። ቅል ይበላል ሲባል የእኛ ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ እሳቸው ደግሞ ይህን የመሰለ ፍሬ እንጨት እስኪሆን ሐረጉ ላይ የሚተውን ሰው እንደ አባካኝ ነው የሚያዩት። ብቻ ዘራቸው ከዓመት ዓመት ከዚሁ መደብ እየተለቀመ የኖረ ስለሆነ የሲያትልን ቀንና ሌሊት ያውቀዋል። ወሬያችን በአብዛኛው በእጅ ምልክት ነው፤ ሴቴዋን አበባ ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው፤ ከአበባዋ ሥር የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቅል ተንጠልጥላለች።

ቅል የሰው ፈቃድ ሳይጠይቅ ባሕር የተሻገረ ተክል ነው። ትውልዱ አፍሪካ ነው፤ አሜሪካ አህጉር ላይ ግን ከ10,000 ዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ሲገለገልበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የዘረመል ጥናት የዚያ ዘመን የአሜሪካ ቅሎች ከአፍሪካዎቹ ጋር እንደሚዛመዱ አሳይቶ፣ በአትላንቲክ ሞገድ ተንሳፍፈው የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሏል። ልጡ ውሃ አያስገባም፤ ውስጡ ያለው ዘርም ወራት በጨው ውሃ ላይ ቆይቶ ይበቅላል። የኤርፖርቱ ወረፋ ላይ ቆሜ ይህን ሳስብ ፈገግ ማለቴ አልቀረም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ዘሩን ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድረዋለሁ፤ ልጡ ደንዳና ስለሆነ ጫፉን በጥፍር መቁረጫ ነካ ማድረግም ይረዳል። ከዚያ በጋዜጣ በተጠቀለለ ትንሽ አፈር ውስጥ ሆኖ ፍሪጅ አናት ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ ሁልጊዜ ሙቅ ነው። ጋዜጣው ለቁጠባ አይደለም፤ ቅል ሥሩ ሲነካ ስለሚያኮርፍ ከነጋዜጣው መሬት ውስጥ መግባት አለበት። ግንቦት መጨረሻ ላይ ቀን ቀን እያወጡ ማታ ማታ እያስገቡ ማለማመድ ነው። ውጭ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች የቀንድ አውጣ ናቸው፤ በተለይ ዛጎል የሌለው ዓይነት ለጋ ችግኝ በአንድ ሌሊት ግንዱን ብቻ ያስቀራል። ከላዩ ታቹ የተቆረጠ የውሃ ጀሪካን ይደፋበታል፤ ከብርዱም ይጠብቀዋል።

ሐምሌ ገብቶ ሌሊቱ ለስለስ ሲል ሐረጉ ይነሳል፤ የተሠራለትን ዳስ ለመያዝ የሚልከው ክር ከጠዋት እስከ ማታ ሽቦ ላይ ሲጠመጠም ይታያል። ሦስት ሜትር ሲደርስ ዋናውን ጫፍ እቀነጥሳለሁ። ይህን ያየ የአገሬ ሰው ሁሉ ይጮህብኛል፤ ሆኖም ሴቴ አበባ የሚበዛው የጎን ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ መቀንጠሱ ሳምንታት ያተርፋል።

ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ አበባቸውም ለየቅል ነው። የዱባ ቢጫ አበባ ጎህ ሲቀድ ይከፈታል፤ ንብ አለለት። የቅል ነጭ አበባ ግን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው የሚፈካው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትጠና ይጠወልጋል። የሚጎበኙት የሌሊት የእሳት ራቶች ናቸው፤ ሲያትል ላይ ደግሞ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ እነሱን መጠበቅ ዕድልን መጠበቅ ነው። ስለዚህ ሥራው የሰው ነው። ሐምሌ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ስለሆነ ከሥራ የሚመለስ ሰው ይደርስበታል። ረጅም አንገት ያለውን ወንዴ አበባ ቆርጦ፣ የአበባውን ቅጠል ልጦ፣ ብናኙን ሴቴዋ መሐል ቀባ ማድረግ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ትንሿ ቅል አንገቷን ወደ ታች ከደፋች ይዛለች፤ ቢጫ ከሆነች ወድቃለች።

የሙቀቱ ነገር ምን ያህል እንደሚወስን ያየሁት ሰኔ 2013 ላይ ነው። ሰኔ 21 ቀን ሲያትል 42 ዲግሪ ደረሰች፤ ከተማዋ እንዲህ ያለ ሙቀት መዝግባ አታውቅም። አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ብዙ ስለሆነ ክፉ ሳምንት ነበር፤ በአካባቢው ሰው ሞቶበታል። የአትክልት ቦታውም ተቃጥሏል፤ ሰላጣው ዘር አወጣ፣ እንጆሪው ከነቅጠሉ ደረቀ። ጠዋትና ማታ ውሃ ያገኘ ቅል ግን በዚያ ሳምንት ያደገውን ያህል በሌላ ጊዜ በወር አያድግም። እንዲህ ያለውን ሙቀት ማንም አይመኝም፤ ግን ሌላውን ዓመት ሁሉ ተክሉ ምን ሲናፍቅ እንደሚከርም ግልጽ አድርጎታል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቅጠሉ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ሻጋታ ነው፤ ቀን ሙቅ፣ ሌሊት ቀዝቃዛ ሲሆን ይመጣል። የታመመውን ቅጠል ማንሳትና ውሃውን ሥሩ ላይ ብቻ ማፍሰስ ይበቃል። ከዚህ በኋላ የሚመጣ አዲስ አበባ ሁሉ ይቆረጣል፤ ቢይዝም አይደርስምና ያለውን ፍሬ ይሻማዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን፤ ማብቀሉ ሳይሆን ማድረቁ። አገር ቤት ማድረቅ የሚባል ሥራ የለም፤ በጋው ይሠራዋል። እዚህ መስከረም መጨረሻ ላይ ካፊያው ሲመለስ ቅሉ ገና አረንጓዴ ነው። የትኛው ደርሷል የትኛው አልደረሰም የሚለውን የሚያውቁ ሰዎች እየቀነሱ ነው። በእኛ አትክልት ቦታ አንዲት የየጁ እናት አሉ፤ ቅሉን በጣታቸው አንኳኩተው፣ ጥፍራቸውን ልጡ ላይ ጫን አድርገው ይፈርዳሉ። «ይኼማ ገና ውሃ ነው፤ ሐረጉ ላይ ይቆይ» ካሉ ይቆያል። ጥፍር ከገባ ልጡ አልጠነከረም፤ አሁን ቢቆረጥ ይጨማደድና ይበሰብሳል። እጀታው ቡናማ ሆኖ ከደረቀ፣ ቅሉም ሲያነሱት ከመጠኑ ይልቅ ቀሎ ከተገኘ ይቆረጣል፤ ከእጀታው ትንሽ አስቀርቶ ነው፤ አለዚያ እርጥበት በዚያ ይገባል።

ከዚያ ጋራዥ ውስጥ፣ አየር በሚያገኘው መደርደሪያ ላይ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ ይሰነብታል። ይሻግታል። ጥቁርና ነጭ ሻጋታ ሲወርሰው የማያውቅ ሰው ይጥለዋል፤ አያስፈልግም። የሚሻግተው የላዩ ቆዳ ነው፤ ከሥሩ ያለው ልጥ እየጠነከረ ነው። በየሳምንቱ ማገላበጥና በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። የገና ሰሞን አንዳንዱ ሲነቀነቅ ዘሩ ይንኳኳል፤ ትልልቆቹ እስከ ፋሲካ ይቆያሉ። ለስላሳ የሆነው ወደ ኮምፖስት ይሄዳል፤ በየዓመቱ የተወሰነው እንዲህ መሄዱ አይቀርም፤ የአየሩ ግብር ነው።

የደረቀው ቅል በውሃ ተዘፍዝፎ ቆዳው ይፋቃል፤ ሽክና የሚሆነው ለሁለት ይከፈላል፤ የወተት የሚሆነው አናቱ ይቆረጣል። ውስጡ መራራ ነው፤ ውሃ እየሞሉ እየደፉ ምሬቱ እስኪለቅ መታገሥ ነው። መጨረሻው ወይራ ማጠን ነው፤ ወይራው ከሐበሻ ሱቅ ይገኛል። አፓርታማ ውስጥ ማጠን ግን አይታሰብ፤ የጢስ ማስጠንቀቂያው ሕንፃውን በሙሉ ደጅ ያወጣል። እኛ የምናጥነው እዚያው አትክልት ቦታው ጥግ ላይ፣ ነፋስ በሌለበት ቅዳሜ ነው፤ ሽታው የሚስባቸው ሰዎች ቆመው ይጠይቃሉ።

አሁን ቅል የሚተክል ሐበሻ ስለበዛ አንድ ደንብ አስፈልጓል። ለውሃ መቅጃ የሚሆነው አንገተ ረጅሙ ዓይነት እዚህ አገር በዘር ሻጮች ይሸጣል፤ ብዙው ለዕቃ እንጂ ለምግብ የተመረጠ ስላልሆነ ፍሬው መራራ ነው። ብናኙ ወደ ቬትናማዊቷ እናት አበባ ከተሻገረ የዘንድሮው ፍሬያቸው አይለወጥም፤ ከእሱ የሚለቅሙት ዘር ግን በሚቀጥለው ዓመት መራራ ቅል ሊሰጥ ይችላል፤ መራራ ቅል ደግሞ ሰው ያሳምማል፤ በሽሪምፕ ሾርባ ውስጥ ሲገባ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ለዘር የምትፈለገዋ ሴቴ አበባ ከመፈካቷ በፊት አፏ በክር ይታሰራል፤ ማታ ተፈትታ በእጅ ብናኝ ትቀበላለች፤ ተመልሳ ትታሰራለች። ቀይ ክር የእሳቸው፣ ነጭ ክር የእኛ ነው። እሳቸውም በበኩላቸው ለጋውን ሲቆርጡ መጀመሪያ ቅንጣት በምላሳቸው ነክተው ያያሉ፤ ከመረራቸው ያንን ሐረግ ከሥሩ ነቅለው እኛ ዘንድ ያመጡታል፤ ለሽክና ከሆነ ምሬቱ ምንም አይደለምና።