የከብት መኖና የክትፎ ስብ፦ ሣር የበላ ከብት ቅቤ ለልብ አይጎዳም?

የምንበላው ስብ በዋናነት ፋቲ አሲድ ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የተሠራ ነው። እንደ ቅቤና ሞራ የሚረጋው ስብ ብዙ ሳቹሬትድ (የጠገበ) ፋቲ አሲድ አለው። እንደ ኑግ ዘይት ፈሳሽ የሆነው ደግሞ በአብዛኛው ያልጠገበ ነው። የጠገበ ስብ ሲበዛ ኤልዲኤል የተባለውን ጎጂ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ ከፍ ያደርጋል፤ ይህም ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል።

መኖው ስቡን ይለውጣል?

እንደ እንስሳው ዓይነት ይለያያል።

አሳማ፦ የአሳማ ሆድ እንደ ሰው ባለ አንድ ክፍል ነው። በመኖው ውስጥ ያለው ስብ ብዙም ሳይለወጥ ወደ ሥጋው ይገባል። ስለዚህ የቅባት እህል በብዛት የበላ አሳማ ስቡ ለስላሳና ያልጠገበ ይሆናል።

ከብት፣ በግና ፍየል፦ እነዚህ የሚያመሰኩ እንስሳት ናቸው። በትልቁ የጨጓራቸው ክፍል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በሣሩ ወይም በፋጉሎው ውስጥ ባለው ያልጠገበ ስብ ላይ ሃይድሮጅን እየጨመሩ አብዛኛውን ወደ ጠገበ ስብ ይለውጡታል። ለምለም ሣር የበላች ላም ቅቤ ትንሽ የበለጠ ኦሜጋ 3 ይኖረዋል፤ ሆኖም ከግማሽ በላይ የሚሆነው የቅቤው ስብ የጠገበ እንደሆነ ይቀራል።

በወልቂጤና በቡታጅራ ገበታ የአሳማ ሥጋ የለም፤ ክትፎው የበሬ ሥጋና ንጥር ቅቤ ነው። ስለዚህ ለጤናዎ ዋናው ነገር ከብቱ የበላው መኖ ሳይሆን እርስዎ የሚበሉት የቅቤ መጠን ነው።

ምን ያህል ይበዛል?

የዓለም ጤና ድርጅት የጠገበ ስብ በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ይህ 22 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም ያህል ይይዛል። ሦስት ማንኪያ ቅቤ ብቻውን፣ የሥጋው ስብ ሳይቆጠር፣ የቀኑን ልክ ያልፋል።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ለክትፎ ቀይ፣ ጮማ ያልበዛበት ሥጋ ይምረጡ።
• ቅቤውን በማንኪያ ለክተው ይጨምሩ፤ ጎመኑንና አይቡን ያለ ቅቤ ያቅርቡ። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ በራሱ ስቡ አነስተኛ ነው።
• ለዕለት ወጥ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት በልኩ ይጠቀሙ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የጠገበ ስብ ስለሆነ የቅቤ ምትክ አድርገው አይውሰዱት።
• በመስቀል ሰሞን ክትፎ ለተከታታይ ቀናት የሚበላ ከሆነ በየገበታው ጥቂት ይውሰዱ።

ሐኪም ማማከር ያለብዎት መቼ ነው?

ከፍተኛ ኮሌስትሮል አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ የሚታወቀው በደም ምርመራ ነው። የደም ግፊት ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎት፣ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ወይም በቤተሰብዎ ዕድሜው ሳይገፋ የልብ ሕመም የያዘው ሰው ካለ ይመርመሩ። ደረትዎን ጨምቆ የሚይዝ ሕመም፣ ድንገተኛ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን መዛል ከገጠመዎት ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።